ለልጃችን የቤተሰብ ስም የትኛውን እናድርግ? የእኔን፣ የአባቴን ወይስ የአያቴን?

የራይን ዳር ሰው (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ተመስገን፣ ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ወልደናል። ከሆስፒታል ስንወጣ ለልደት መዝገብ የሚሞላ ፎርም ሰጡን። ሁሉንም ሞላንና አንዲት ሣጥን ላይ ስንደርስ ቆምን። «የቤተሰብ ስም» ትላለች።

ስሜ አበበ ከበደ በላይ ነው እንበል። ፓስፖርቴ ላይ «አበበ ከበደ» በስም ቦታ፣ «በላይ» በቤተሰብ ስም ቦታ ነው የገባው። የባለቤቴም እንዲሁ፤ የቤተሰብ ስም ተብለው የተጻፉት አያቷ ናቸው። እዚህ ደብዳቤ ሲመጣልኝ «አቶ በላይ» ይለኛል። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ግራ ይገባቸው ነበር።

አሁን ልጅቷን «በላይ» ካልናት የቅድመ አያቷን ስም ያዘች፣ የእኔ ስም ጭራሽ የለበትም። «ከበደ» ካልናት እህቴ ሆነች። «አበበ» ካልናት በእኛ ወግ ልክ ነው፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት የቤተሰብ ስም ሊኖረው ነው። አባቴን በስልክ ብጠይቃቸው «ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል? የአባቷ ስም ነዋ!» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ያለፋችሁበት ሰዎች ምን አደረጋችሁ?

እናት ዘሜሪላንድ

ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።

እኛ የአያት ስም ነው ያስያዝነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ብቻ እንጂ አስበንበት አይደለም። የባለቤቴ አያት መንዝ ውስጥ ሲያርሱ ኖረው እዚያው ያረፉ ሰው ናቸው። ዛሬ ስማቸው በልጄ የቅርጫት ኳስ ማሊያ ጀርባ ላይ በትልቁ ተጽፎ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይሮጣል። አሠልጣኙ ሲጮህ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

የማይመቸው የእኔ ጉዳይ ነው። እኔ በአባቴ ስም ነኝ፣ ልጆቹ በባሌ አያት። ብቻዬን ይዣቸው ስበር የኢሚግሬሽኑ ሰው አንዴ እኔን አንዴ እነሱን እያየ «ምንሽ ናቸው?» ይላል። የልደት ካርዳቸውን ኮፒ ከፓስፖርቱ ጋር ነው የምይዘው። ባለቤትህም ከአሁኑ ትልመደው።

ብራናው

ብዙ ሰው የቤተሰብ ስም ሁሉም ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያለው፣ እኛ ብቻ የጎደለን ይመስለዋል። ብዙው ዓለም ግን በቅርብ ጊዜ፣ ያውም በመንግሥት ትዕዛዝ ነው ያገኘው፤ ለግብር፣ ለወታደር ምልመላና ለመዝገብ እንዲመች። (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጃፓን ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደችው በ1875 ነው። ታይላንድ በ1913 ሕግ አወጣች፤ ንጉሡ ራሳቸው ስም እየፈጠሩ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች አደሉ። ቱርክ በ1934። ሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ» የተባሉት ያኔ ነው፣ ስሙንም ምክር ቤቱ ነው የሰጣቸው። በዚያው ዓመት ፓሻ፣ ቤይ፣ ኤፈንዲ የሚባሉት መጠሪያዎች በሕግ ቀሩ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የፊሊፒንስ ነው። በ1849 የስፔኑ አገረ ገዥ ክላቬሪያ ሕዝቡ ሁሉ የቅዱሳንን ስም እየያዘ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አይለይም፣ ግብር ለመሰብሰብም አስቸገረ ብሎ በፊደል ተራ የተደረደረ የስም ዝርዝር አሳተመ። ለየከተማው ከዝርዝሩ ድርሻው ይላካል፣ አባወራው ከደረሰው ገጽ ላይ ይመርጣል። አልባይ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኦአስ የምትባል ከተማ አለች፤ የነባር ነዋሪዎቿ የቤተሰብ ስም በአብዛኛው በ«ረ» ድምፅ ይጀምራል። ያ ገጽ ስለደረሳቸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከስፔን ጋር ምንም የደም ትስስር ሳይኖረው የስፔን ስም የያዘ ፊሊፒናዊ የበዛውም ለዚህ ነው።

ለአንተ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ዴንማርክ ነው። እዚያም እንደ እኛ ነበር። የኒልስ ልጅ ኒልሰን ይባላል፣ የእሱ ልጅ ደግሞ በራሱ አባት ስም ሌላ። በ1828 መንግሥት ስሙ አንድ ትውልድ ላይ ይቁም አለ። ገበሬው ቶሎ አልታዘዘም፣ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን ቆመ። ዛሬ ኒልሰን የሚባለው ሰው አባቱ ኒልስ አይደለም። ኒልስ የሚባል አንድ የሩቅ ቅድመ አያት ነበረው፣ ሰንሰለቱ የቆመው በእሱ ላይ ነው። አንተም የተጠየቅኸው ይኸው ነው፦ በማን ላይ ይቁም?

ቀልዱ ይብቃኝ

እኛ ጋ በገጽ ቢታደል የእኛ ቀበሌ «ጰ» ይደርሰውና ግማሹ ጴጥሮስ፣ ግማሹ ጳውሎስ ሆነን እንቀር ነበር 😂

የልደታው ጠበቃ

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም» ሲባል እሰማለሁ። በተግባር ልክ ነው፣ በሕግ ግን አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስም እና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በአስተዳደር ጽሑፎች ላይም የቤተሰብ ስሙ እንዲቀድም፣ የግል ስሙ እንዲከተል፣ የአባቱ ስም መጨረሻ እንዲሆን ያዛል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም።

እነሆ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ልደታ ፍርድ ቤት ስመላለስ በዚያ ቅደም ተከተል የተጻፈ መታወቂያ ገጥሞኝ አያውቅም። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም በስም፣ በአባትና በአያት ነው የሚሄዱት። ቱርኮቹ ሕጋቸውን አስፈጸሙት፣ የእኛን ሰው ግን ሰማሁም ሳይል አለፈው።

የራይን ዳር ሰው፣ ይህን የምነግርህ የውጭ መዝገብ ሹሞች የአገራችንን ሕግ አስተርጉመው ስለሚያነቡ ነው። «ሕጋችሁ የቤተሰብ ስም አላችሁ ይላል» ቢሉህ አትደንግጥ። ጀርመን ዜግነት የምትወስዱበት ቀን ከመጣ ደግሞ ካሉህ ስሞች የትኛው የግል፣ የትኛው የቤተሰብ እንደሚሆን ራስህ እንድትመርጥ ሕጋቸው ይፈቅድልሃል።

የእዝባሩ ባለቤት

እናንተ በሦስተኛው ስም ትከራከራላችሁ፣ እኔ በመጀመሪያው ስሜ አልተሻገርኩም። ገብረ መድኅን ነኝ። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ «ገ/መድኅን»፣ የትምህርት ማስረጃዬ ላይ ተያይዞ «ገብረመድኅን»፣ ፓስፖርቴ ላይ ተነጣጥሎ። እዝባሯን ኮምፒውተር አይወዳትም፤ ፎርም ላይ ስከትባት ቀይ ይበራል። እዚህ ለንደን ክሊኒክ ውስጥ «ሚስተር መድኅን» ብለው ሲጣሩ መጀመሪያ ላይ የኢንሹራንስ ወረቀት የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ነበር።

እኔስ ይሻለኛል። አንዱ ጓደኛዬ ኃይለ ማርያም ነው፤ «ሚስተር ማርያም» ይሉታል። ሌላው ወልደ ሥላሴ፤ «ሚስተር ሥላሴ»! እስቲ ይሄን እንዴት አድርገህ ታስረዳቸዋለህ? ሁለት ቃል ሆኖ አንድ ስም ነው። ከመሃል ሲቆረጥ አንደኛው ወገን «የእገሌ አገልጋይ፣ የእገሌ ልጅ» እያለ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሌላኛው ወገን አምላክ ራሱ ሆኖ ወረፋ ይጠብቃል። ጃንሆይንም አልማሯቸውም፤ የፈረንጅ ጋዜጣ «ሥላሴ» ብሎ ብቻ ጽፏቸዋል። ጃማይካኖቹ ደግሞ «ራስ» የሚለውን ማዕረግ «ተፈሪ» ከሚለው የልጅነት ስማቸው ጋር አጣብቀው የሃይማኖት ስም አደረጉት።

ምክሬ አጭር ነው። ድርብ ስም ካወጣህላት አያይዘህ ጻፈው፣ ክፍተት አታስገባ።

ቦሌ ሚካኤል

@የእዝባሩ ባለቤት በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰልህ። ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት የበርማው ዑ ታንት ስማቸው ታንት ብቻ ነው። «ዑ» አቶ እንደማለት ነው። ዓለም አሥር ዓመት ሙሉ «አቶ»ን ስም አድርጎላቸው ኖረ።

የጅማው

አበበ ቢቂላን አስቡት። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ዓለም «ቢቂላ» ብሎ ያዘው። ቢቂላ ግን አባቱ ናቸው። ቢቂላ በኦሮምኛ ከመብቀል የመጣ ነው፣ አበበ በአማርኛ ከማበብ። አባትየው በቅለው ልጅየው አብቧል፣ በሁለት ቋንቋ። የፈረንጅ ኮሜንታተር የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤንም ሦስቱንም «ዲባባ» እያለ ሲጠራ አመሸ፤ ያለ የራሳቸው ስም አይለዩለት።

ወደ እኔ ቤት ስመጣ ሐሳቤ ከእናንተ ይለያል። አያቴ የኦሮምኛ ስም ነበራቸው። አባቴ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህሩ የአማርኛ ስም አወጡላቸው፣ በዚያው ቀሩ። እኔን ሲወልዱ ወደ ኦሮምኛው መለሱት። ሙሉ ስሜን ያነበበ ሰው የቤተሰባችንን ታሪክ ሳልነግረው ያነበዋል። ስለዚህ ልጄን ስናስመዘግብ የአያቴን ስም ነው ያስያዝኩት። አባቴ ያልያዙትን እሷ ትያዘው አልኩ። የአያት ስም ሳይታሰብበት የሚያዝ ነው ማለት ለሁሉም ቤት አይሠራም።

በነገራችን ላይ ስም አንድ ብቻ ነው ያለው ማነው? የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ቴዎድሮስ ካሣ ኃይሉ ተብለው ተወለዱ፣ ነግሠው ቴዎድሮስ ሆኑ፣ በፈረሳቸው አባ ታጠቅ። ምኒልክ ሣህለ ማርያም፣ ምኒልክ፣ አባ ዳኘው። ይህን ሁሉ የትኛው ሣጥን ይችለዋል?

የናታንያ ልጅ

እኛ ሳንጠየቅ ነው የተሰጠን። የመጣነው ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ ግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ነው የተጓጓዘው፤ የሚመዘግበው ሰው ፋታ እንዳልነበረው ይገባኛል። የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈልን። አጎቴ ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ጠረጴዛ ተመዘገበና በራሱ አባት ሳይሆን ከዚያ በላይ ባለው አያት ስም ተጻፈ። ሁለት የአንድ እናትና አባት ልጆች በእስራኤል መዝገብ ዘመድ አይመስሉም።

የመጀመሪያ ስሜም አልተረፈም። መምህሯ «ይሄ ይከብዳል» ብላ የዕብራይስጥ ስም ሰጠችኝ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ቤት ውስጥ አንድ ስም፣ ውጪ ሌላ። ታናሽ ወንድሜ ከወታደር ቤት እንደወጣ የአማርኛ ስሙን በሕጋዊ መንገድ አስመለሰ። እኔ አላስመለስኩም፤ ሁለቱም እኔ ሆነዋል። ልጄን ግን አማርኛ ስም ብቻ ነው ያወጣሁላት። ይክበዳቸው።

ከሪያድ የተመለስኩት

የእኔን ልንገራችሁ፣ አጭር ነው። ደላላው ወረቀቴን ሲያስጨርስ «በዚህ ስም ሥራ አይገኝም» ብሎ ሌላ ስም አስገባልኝ፤ የእስላም ስም። ማዳም ደግሞ እሱም አልተመቻትም፣ የራሷን አወጣችልኝ። ገንዘብ ስልክ እናቴ ሐዋላ ልትቀበል ሄዳ «ላኪው ማን ነው?» ሲሏት የእኔን ስም ተናገረች። አይደለም ተባለች። ብሩን ሳትይዝ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ነው። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት ደውዬ «እማ፣ አሁን ስሜ እንዲህ ነው» እያልኩ አስጠናት ነበር።

እናንተ የምትመርጡት አላችሁ። ጥሩ ነው።

እናት ዘሜሪላንድ

@ከሪያድ የተመለስኩት አይዞሽ እህቴ። እናትሽን እግዜር ይጠብቅልሽ።

ኦስሎ ያለሁት

እስቲ ወደ አይስላንድ እንሂድ፤ ለእኛ ነገር የቅርብ ዘመድ እነሱ ናቸው። ዴንማርክና ኖርዌይ ሰንሰለቱን ሲያቆሙ እነሱ እንቢ አሉ። እንዲያውም በ1925 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተው አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከለከሉ! ወንዱ «የእገሌ ልጅ»፣ ሴቷ «የእገሌ ሴት ልጅ» ትባላለች፣ ወንድምና እህት እንኳ መጨረሻቸው አይገጥምም። የስልክ መጽሐፋቸው በመጀመሪያ ስም ተራ ነበር የሚደረደረው፣ ስም ለተመሳሰለ ሥራው ይጨመርበታል። ልክ እኛ «ከበደ መካኒኩ» እንደምንለው። በ1980 የመረጧቸውን ሴት ፕሬዚዳንት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን ሕዝቡ «ቪግዲስ» ነው የሚላቸው። ንቀት አይደለም፣ ስማቸው እሱ ነው። እኛም «ዶክተር ከበደ በላይ»ን «ዶክተር ከበደ» እንጂ «ዶክተር በላይ» አንልም።

ልጆቻቸውን ይዘው ሲበሩ ታዲያ እንደ እናት ዘሜሪላንድ ይጠየቃሉ። የበለፀገ አገር ሆነውም አልተውትም። ስለዚህ «ለዘመናዊ መዝገብ አይመችም» የሚለው ወሬ አያሳምነኝም። ኮምፒውተር የሰው መታወቂያ ቁጥር ካለው ስሙ ቢለያይ ምን ይቸግረዋል?

እሙ

እስካሁን ሁላችሁም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። እናቷስ? ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ሴት ስም በየትኛው ሣጥን ነው የሚገባው? አይስላንድ ውስጥ በእናት ስም መጠራት ይቻላል። ስፔን ውስጥ ሰው የአባቱንም የእናቱንም ይይዛል።

አባ መብረቅ

@እሙ ባህላችንን ለማፍረስ ነው። በእናት ስም የሚጠራ አባቱ ያልታወቀ ነው። ጨርሻለሁ።

እሙ

@አባ መብረቅ ባህሉን ካነሱት አይቀር፣ በእኛ ባህል ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም። እቴጌ ጣይቱ ንጉሠ ነገሥት አግብተው ጣይቱ ብጡል ነበሩ፣ ሞቱም እንደዚያው። የአውሮፓ ሴት ለዚህ ስንት ዓመት ተሟግታለች። የቤተሰብ ስም ስናስገባ እኮ ይሄንንም አብረን እናስወጣለን። እዚህ ጀርመን «ለምን የባልሽን አትይዢም፣ ይቀልሻል» ተብዬ የማውቀው በሐበሻ ነው፣ በጀርመን አይደለም።

ብራናው

እሙ ልክ ናት፣ የሚጨመር የለኝም። ስለ ምርጫ ከተነሳ ግን አንድ ልበል። ሞንጎሊያ በ1920ዎቹ የነገድ ስም ተከልክሎ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ቀረ። ኮሚኒዝም ሲወድቅ መልሳችሁ ያዙ ተባሉ። ብዙው ሰው የአያት ቅድመ አያቱን ነገድ ረስቶታል። ታዲያ ምን መረጡ? ሕዝቡ ተሰልፎ «ቦርጂጊን» አለ፤ የጀንጊስ ካን ነገድ ነው። በ1981 ወደ ጠፈር የሄደው የመጀመሪያው ሞንጎሊያዊ ጉራግቻ ግን «ሳንሳር» ብሎ ያዘ፤ ህዋ ማለት ነው። እኛም ብንታዘዝ ግማሹ አገር የሰሎሞን ዘር ነኝ ብሎ እንደሚመዘገብ አልጠራጠርም።

የራይን ዳር ሰው (ሐሙስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቀጠሮ ነበረን። መዝጋቢዋ ደግ ሴት ናት፤ የኢትዮጵያ ዜጎች ስለሆናችሁ በአገራችሁ ሕግና ልማድ መሠረት መምረጥ ትችላላችሁ፣ በተረጋገጠ ትርጉም አምጡልኝ አለችን። ጠበቃው የጠቀሱትን አንቀጽ ቁጥር ስነግራት ፈገግ ብላ ጻፈችው።

የወሰንነው «አበበ» እንዲሆን ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ስሟን ስትናገር የአባቷን ስም ጠራች ይባላል፣ እዚህ ስትናገር የቤተሰብ ስሟን። በሁለቱም ወገን የሚገጥመው እሱ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ወንድም ወይም እህት ቢመጣላትም ያው ነው። የልጆቿን ነገር እነሱ ያውቃሉ። ባለቤቴ በአንድ ነገር ነው የተስማማችው፦ የግል ስሟን የምታወጣው እሷ ናት፣ የክርስትና ስሟም በ80 ቀን በእናቷ ወገን ባሉት ካህን በኩል ይሆናል። እሙ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። የጅማው፣ አንተ ያልከው አሳስቦኝ ነበር፤ የእኛ ቤት ታሪክ ግን እንደ እናንተ አይደለም።

ጋሼ ጠበቃው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ኤምባሲም ሳስመዘግባት ልክ እንዲህ መሆን አለበት?

የልደታው ጠበቃ

እንኳን ደስ አላችሁ። አዎ፣ አንድ ዓይነት ይሁን። በላቲን ፊደል ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ወስኑና ጀርመኑም ኤምባሲውም ላይ ፊደል በፊደል እንዲገጥም አድርጉ፤ ሰው የሚንከራተተው በአንዲት ፊደል ልዩነት ነው። ሙሉ ስሟ ኤምባሲ ላይ በሦስት ሲጻፍ አባትህ «ከበደ» አያት ሆነው ይገቡበታል፣ ጀርመኑ ላይ ግን አይኖሩም። ስለዚህ ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ልጅ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስታወሻ ከኤምባሲው ጠይቀህ አጽፍ። አሁን በቀላሉ ይሰጡሃል፤ ልጅቷ 18 ዓመት ሞልቷት ፓስፖርት ስትጠይቅ ከሆነ ግን እዚህ ልደታ ድረስ ታመላልስሃለች።